ለእጩ መምህራን አክሽን ሪሰርች እንዴት ይሰጣል? (ኮርሱ ድንገት ለተጣለባችሁ)

ሴሚስተሩ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው የዲፓርትመንት ኃላፊው ይደውልና "ያቺን የሪሰርች ኮርስ አንተ ያዛት በቃ፣ ሰው የለም" ይላል። እኔ ላይም እንደዛ ነው የወደቀችው። አክሽን ሪሰርች ማለት መምህር የራሱን ክፍል ችግር ራሱ የሚያጠናበትና መፍትሄ የሚሞክርበት ጥናት ነው። ሞጁሉ በቴሌግራም መጣልኝ፣ ስላይዱን አምና ከሰጠው ሰው ወሰድኩ፣ ከዛ ሴሚስተሩን ሙሉ የኳንቲቴቲቭና የኳሊቴቲቭን (በቁጥርና በገለጻ የሚሠራ ጥናትን) ልዩነት ሳወራ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ 43 ወረቀት ተረከብኩ፣ 11ዱ ስለ ተማሪዎች ማርፈድ ናቸው። ማርፈድ ችግር ነው፣ እሱን አልክድም፣ ግን የ11ዱም መንስኤ "የወላጅ ክትትል ማነስ"፣ የ11ዱም መፍትሄ "ምክር መስጠትና ወላጅ መጥራት"፣ የ11ዱም ውጤት "በአመርቂ ሁኔታ ተሻሽሏል" ነበር። ሁለቱማ የትምህርት ቤቱን ስም መቀየር እንኳ ረስተውታል። ፋይሉ ግቢ በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ለየባቹ እንደሚሸጥ በኋላ ነው የሰማሁት።

በጣም ነው የተናደድኩት። ሲበርድልኝ ግን ሳስበው ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት እያልኩ ቅርጹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ እነሱም ቅርጹን ሞልተው አመጡልኝ፣ ምን ይሁኑ? ከዛ ወዲህ ኮርሱን ገልብጬ ነው የምሰጠው፣ መጀመሪያ ክፍል ገብተው ያያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ያናግራሉ፣ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ ፊታችሁ የተቀመጠው ማን ነው

ፒጂዲቲ (ዲግሪ ለያዙ የሚሰጠው የመምህርነት ዲፕሎማ) እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ሐሳቡ ልጁ ፊዚክሱን ወይ ታሪኩን በመጀመሪያ ዲግሪ ይጨርስና የመምህርነቱን ነገር ከላይ ይደርብበት ነው። ስለዚህ የሚመጡላችሁ ልጆች የትምህርት ጥናት የሚባል ነገር ሰምተው ባያውቁም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ይሄን ለማየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የፊዚክሱ ልጅ ላብ ውስጥ ፔንዱለም ሲለካ የአንዷን ውዝዋዜ ጊዜ አይወስድም፣ የ10ሩን ለክቶ ለ10 ያካፍላል። ለምን በሉት፣ "ስቶፕዋች ስጫን እጄ ስለሚዘገይ" ይላችኋል። አለቀ፣ የመለኪያ ስህተት ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው፣ በአንድ ኩዊዝ ብቻ ተማሪ ላይ መፍረድ ለምን እንደማይቻል ከዚህ ተነስታችሁ በ5 ደቂቃ ታስረዱታላችሁ። የባዮሎጂዋ ሜዳ ላይ ኳድራት (ባለ አራት ማዕዘን መቁጠሪያ ፍሬም) ጥላ ሳር ቆጥራለች፣ ናሙና ለሷ አዲስ ነገር አይሆንባትም። የታሪኩ ልጅ ደብዳቤ ሲሰጡት ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ ብሎ መጠየቅ ለምዷል፣ ያንኑ ዓይን ወደ ትምህርት ቤቱ ቃለ ጉባኤና ወደ ሩብ ዓመት ሪፖርቱ አዙሩለት። የእንግሊዝኛዋና የአማርኛዋ ደግሞ ግጥም መስመር በመስመር ፈልፍለው ያነበቡ ናቸው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ከማንም ይበልጣሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ክላስ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የማቀርበው፦ በራሳችሁ ትምህርት ውስጥ አንድ ነገር እውነት መሆኑን የምታውቁት በምንድነው? አንድ ሰዓት ሙሉ ይከራከሩበታል፣ እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ያቺን ሰሌዳ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዛ ሴሚስተሩን ሙሉ ወደሷ እመለሳለሁ።

የአክሽን ሪሰርች ታሪክ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ኩርት ለዊን የሚባል ሳይኮሎጂስት አሜሪካ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1946 ቃሉን በጽሑፍ አስተዋወቀው፣ ማቀድ፣ መሞከር፣ ያመጣውን ማየት፣ እንደገና ማቀድ የሚለውን ዙሪት አስቀመጠ፣ በ1950ዎቹ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስቴፈን ኮሪ ወደ መምህራን አመጣው፣ በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሎውረንስ ስቴንሃውስ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚህ በላይ ዲክቴት ማድረግ ፈተና ላይ ለማውጣት ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም (ፈተና ላይም ባታወጡት ደስ ይለኛል)።

ሁለት ሳምንት ፕሮፖዛል የሚባል ቃል አይነሳ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራቸው አንድ ክፍል ውስጥ ከኋላ መቀመጥ ነው። ባዶ ኤ ፎር ወረቀት ይይዛሉ፣ የዴስኩን አቀማመጥ ይስሉበታል፣ በያንዳንዱ ዴስክ ስንት ልጅ እንዳለ ይጽፋሉ፣ ከዛ አንድ ነገር ብቻ መርጠው በሰረዝ ይቆጥራሉ። አንድ ነገር ብቻ! ሁሉን ልቁጠር ያለ ምንም ሳይቆጥር ነው የሚመጣው። ማን ተጠየቀ፣ መምህሩ የት ቆመ፣ ደብተር ላይ የሚጽፍ ስንት ነው፣ መጽሐፍ ያለው ስንት ነው፣ ከነዚህ አንዷን።

ከመላካችሁ በፊት ግን እናንተ ላይ ይለማመዱ። እኔ 10 ደቂቃ አስተምራቸዋለሁ፣ እነሱ ይቆጥሩኛል። የመጀመሪያው ጊዜ በ10 ደቂቃ 12 ጊዜ "ክሊር ነው?" እንዳልኩ ቆጥረው አሳዩኝ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም አፈርኩ። ግን ከዛ ቀን በኋላ ምልከታ ምን እንደሆነ ዳግመኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ወረቀቱን መሃል ላይ በመስመር ክፈሉት፣ በግራ ያየሁት፣ በቀኝ የመሰለኝ። እዚህ ላይ ነው ትግሉ። "ተማሪዎቹ ሰልችተዋል" ብሎ በግራ ይጽፍላችኋል። መሰልቸት ይታያል እንዴ? ያየኸው ምንድነው? ሲጠየቅ "በሦስተኛው ረድፍ አራት ልጆች አንገታቸውን ዴስክ ላይ ደፍተዋል"። እሺ፣ እሱ ግራ ይጻፍ። ሰልችቷቸው ነው፣ ቁርስ ሳይበሉ መጥተው ነው፣ ወይስ ማታ ሥራ ሲሠሩ አድረው፣ ያ ገና አልታወቀም፣ ቀኝ ላይ በጥያቄ ምልክት ይቀመጥ። ይቺ ልማድ ካልገባች የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፣ እኔ ለሷ ብቻ ሦስት ክላስ አጠፋለሁ፣ አጠፋለሁም አልልም።

አንዷ የኬሚስትሪ እጩ ከፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ውስጥ ከሚደረገው የማስተማር ልምምድ) ተመልሳ "መምህር፣ ምንም ችግር አላየሁም፣ ጥሩ ክፍል ነው" አለችኝ። ወረቀትሽን አምጪ አልኳት። 9ኛ ክፍል ነው፣ 58 ልጅ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት። በስም የተጠየቁትን ቆጥራለች፣ በ40 ደቂቃ 9 ጥያቄ፣ የመለሱት አራት ልጆች፣ አራቱም በበሩ በኩል ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች። ወረቀቱ ጥግ ላይ ደግሞ እንዲሁ ለራሷ ብላ ያደረገችው ሰረዝ አለ፣ መምህሩ "ገባችሁ?" ያለበት፣ 17 ጊዜ። ከጎኑ "አዎ ቲቸር" ያሉበት፣ እሱም 17። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ትንሽ ቆይታ "ከኋላ ያሉትን ግን አንዳቸውንም ድምፃቸውን አልሰማሁም እኮ" አለች። ርዕሷ እዛች ጋ ተወለደ።

ጥያቄዋን ማጥበብ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ ሁሉ ደነገጠ፣ ከዛ በኋላ የመጡልኝ እጩዎች ግማሾቹ "የተማሪዎች ውጤት መቀነስ መንስኤዎች" የሚል ርዕስ ይዘው ነው የሚመጡት። ልባቸው ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ የሚኒስቴር ርዕስ ነው፣ አንድ ሰው በስድስት ሳምንት ፕራክቲከም አይነካውም።

እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ይሄን ነገር አንተ ራስህ ነገ ጠዋት መቀየር ትችላለህ? የወላጅ ገቢን አትችልም፣ የመጽሐፍ እጥረትን አትችልም፣ ጥያቄ የምትጠይቅበትን መንገድ ግን ትችላለህ። በአራት አምስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካለ ይታያል? ሦስተኛዋ ትከብዳቸዋለች፣ ልትሳሳት ትችላለህ? ማለቴ ውጤቱ አንተ ካሰብከው ተቃራኒ ቢሆን የምታውቅበት መንገድ አለ? ከሌለ ጥናት አይባልም፣ ስብከት ነው።

የሒሳቡ ልጅ "የሒሳብ ፍላጎት ማነስ" ብሎ መጣ። ፍላጎቱን ተወውና ደብተር ሰብስብ አልኩት። 9ኛ ክፍል ኔጋቲቭ ቁጥር ላይ ናቸው፣ የቤት ሥራ ደብተሮቹን አምጥቶ አብረን አየን። ኔጋቲቭ 3 ሲቀነስ 5 ስንት ነው ለሚለው ብዙዎቹ ፖዘቲቭ 8 ብለዋል። ሁለቱን እዛው ጠርቶ ለምን ሲላቸው "ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ነዋ ቲቸር" አሉት። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፣ የማባዛትን ሕግ መቀነስ ላይ አምጥተው ለጥፈውት ነው፣ ሕጉን ደግሞ በዜማ ነው የሸመደዱት። አሁን ጥያቄው ምን ሆነ? "ይሄን ስህተት የሚሠሩት ተማሪዎቼ ስንት ናቸው፣ ሕጉን ከመንገር በፊት በቁጥር መስመር ላይ ባስኬዳቸው ይቀንሳል ወይ?" ይቺ ትጠናለች። ፍላጎት ደግሞ መልሱ ሲገኝ ራሱ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም፣ ያ ሌላ ጥናት ነው።

መጠይቅና ይሉኝታ

እጩዎች መጠይቅ ይወዳሉ፣ ምክንያቱም ይታተማል፣ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ ሥራ የሠሩ ይመስላል። እኔ ግን እላችኋለሁ ለአንድ ክፍል ጥናት መጠይቅ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ለምን? "መምህሬ በደንብ ያስተምራሉ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም..." የሚል ወረቀት ያ መምህር ራሱ እየዞረ ሲያድል የ15 ዓመት ልጅ ምን ብሎ ነው የሚያከብበው? መጽሐፎቹ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፣ እኛ ጋ ይሉኝታ ነው የሚባለው፣ እጩዎቻችሁ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፣ በዛው ስም አስተምሩት።

የግድ መጠይቅ ካስፈለገ እነዚህን አስለምዷቸው። ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ፣ በእንግሊዝኛ የተበተነ መጠይቅ የሚለካው የእንግሊዝኛ ችሎታን ነው። ከእንግሊዝኛ ከተተረጎመ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ሁለቱ ካልተገናኙ አንድ ቦታ ጠፍቷል። አንድ ጥያቄ ውስጥ "እና" የሚል ካለ አስቁሙ፣ "መምህሩ በሰዓቱ ይገባል እና የቤት ሥራ ያርማል" ለሚለው በሰዓቱ ገብቶ የማያርም ሰው ምን ይመለስለታል? "ብዙ ጊዜ ታጠናለህ?" አይጠየቅም፣ "ትናንት ማታ ስንት ሰዓት አጠናህ?" ይጠየቃል። ደግሞ ከመበተኑ በፊት ሦስት ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ጮክ ብለው እያነበቡ ምን እንደገባቸው ይንገሩት፣ ሦስት ልጅ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከማንኛውም ስታትስቲክስ በላይ ይጠቅማል። ክሮንባህ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ መስማማታቸው የሚለካበት ቁጥር) 0.87 ብሎ የጻፈ እጩ አግኝቼ እንዴት አሰላኸው ስለው ዝም አለኝ፣ ቁጥሩ ከወንድሙ ማስተርስ ላይ የተወሰደ ነበር።

ማናገር

ቃለ መጠይቅ በሮል ፕሌይ ነው የሚለመደው። ሦስት ሦስት ይሁኑና አንዱ ተማሪ ሌላው ጠያቂ፣ ሦስተኛው ሰው ጠያቂው ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ይቁጠር። መምህር ሆነን ዝም ማለት አንችልም እኮ፣ ልጁ ትንሽ ካቅማማ መልሱን እኛው እንነግረዋለን፣ "ስለከበደህ ነው አይደል?" "አዎ ቲቸር"። እና ትዕዛዙ ቀላል ነው፣ ከጠየቅህ በኋላ በልብህ እስከ 7 ቁጠር። ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ጠረጴዛ ፊት አይሁን፣ ግቢው ውስጥ ሰው የሚያያቸው ግን የማይሰማቸው ቦታ፣ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢሆን ልጁ ይፈታል። ለብቻው የሚፈራ ከሆነ ከጓደኛው ጋር ይምጣ።

ከዛ 5 ደቂቃ ብቻ ቃል በቃል ይጻፉ። ብዙ አታስጽፏቸው፣ የ5 ደቂቃ ቅጂ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ግን ያቺ 5 ደቂቃ ውስጥ ራሳቸውን ሲያወሩ ያገኙታል፣ ከተማሪው በላይ።

ናሙና፣ በአጭሩ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። የናሙና ብዛት የሚሰላበትን የያማኔን ቀመር ሁሉም ያውቀዋል፣ ጠቅላላውን ቁጥር፣ ጠቅላላው በ0.0025 ተባዝቶ 1 ተደምሮበት ለሚመጣው ማካፈል፣ ለ1,200 ሰው 300 ይሰጣል። እጩው ግን 62 ልጅ ያለበትን የራሱን ክፍል ይዞ ቀመሩን ያሰላና 54 ብሎ ይመጣል። እና ስምንቱን ልጆች ምን ልታደርጋቸው ነው፣ ልታስወጣቸው? ክፍሉ ያንተ ከሆነ ሁሉንም ውሰድ። ቀመሩ ለትልቅ ሕዝብ ሰርቬይ ነው፣ ሪሰርች እንዲመስል ብለው ነው የሚያስገቡት።

"ተሻሽሏል"

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ጥሩ ጥያቄ ይዞ፣ ጥሩ ቆጥሮ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር "ተሻሽሏል" በሚል አንድ ቃል የሚበላሽበት ቦታ ነው።

የተለመደው ታሪክ እንዲህ ነው። እጩው የመጀመሪያውን ፈተና ውጤት ያይና ከ20 ውስጥ ከ5 በታች ያመጡትን 10 ልጆች ይመርጣል፣ ለአንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል ይሰጣቸዋል፣ ድጋሚ ይፈትናል፣ አማካያቸው ከ3.5 ወደ 6 ወጣ፣ ቱቶሪያል ይሠራል ይላል። ቆይ እስቲ። በዛ ቀን ታሞ የተፈተነ አለ፣ ያላነበባት ገጽ የመጣችበት አለ፣ ግምቱ ሁሉ የከሸፈበት አለ። መጥፎ ቀን የገጠማቸውን መርጠህ በሌላ ቀን ስትፈትናቸው ምንም ባታደርግላቸውም በአማካይ ከፍ ይላሉ። ይሄ ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆቻቸውን ቁመት ሲያነጻጽር ያየው ነገር ነው፣ በጣም የረዘሙ ሰዎች ልጆች ረጅም ይሆናሉ ግን በአማካይ እንደ ወላጆቻቸው አይሆኑም፣ ወደ መሃል ይሳባሉ።

በወሬ አያምኑም፣ ስለዚህ በዳይስ አሳዩአቸው። እያንዳንዱ እጩ ሁለት ዳይስ ይጣል፣ ድምሩ "የመጀመሪያ ፈተና" ይባል፣ ከ5 በታች ያገኙትን ወደፊት ጥሯቸው፣ ኮስተር ብላችሁ "በርቱ፣ አጥኑ" ብላችሁ ምከሯቸው፣ እንደገና ያስጥሉ። ሁሌ ማለት ይቻላል አማካያቸው ይወጣል። ምክሩ ሠራ! ይስቃሉ፣ ከዛ ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ስንቱ "ውጤታማ" የተባለ ነገር እንደዛ እንደሆነ ይመጣባቸዋል። ዳይስ ከሌለ ከ1 እስከ 6 የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ኮፍያ ውስጥ ጨምሮ ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው፣ የመጀመሪያዋን ሳይመልሱ ሁለተኛዋን እንዳያወጡ ብቻ።

መድኃኒቱ ምንድነው? ክፍሉን በሙሉ ለኩ እንጂ የወደቁትን ብቻ አትልቀሙ። ጎን ያለው ሴክሽን በዛው መምህር የሚማር ከሆነ ያንንም በተመሳሳይ ቀን ለኩ፣ እነሱም በዛው ያህል ከፍ ካሉ ከናንተ ዘዴ አይደለም የመጣው። ያው ፈተና ቃል በቃል አይደገም፣ ልጆቹ መልሱን በቃል ይይዙታል። አማካይ ብቻ ሳይሆን የያንዳንዱን ልጅ የበፊትና የኋላ ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው እዛ ነው፣ አማካዩ ወጥቶ አምስት ልጆች ግን የባሰ ወርደው ይገኛሉ፣ እነማን ናቸው? ለዚህ ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር) አያስፈልግም፣ ኤክሴልም ቅንጦት ነው፣ ባለ አራት ማዕዘን ደብተርና ማስመሪያ ይበቃል። ኤስፒኤስኤስ ካልተጠቀምን ሪሰርች አይባልም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፣ ቡና ላይ በየጊዜው እንጣላለን።

የኬሚስትሪዋ ልጅ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ፈቃድ ጠይቃ ራሷ ስታስተምር "ገባችሁ?" የሚለውን ትታ አንዲት አጭር ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ትጽፍና ሁሉም ደብተሩ ላይ መልሶ ገልጦ ያሳያታል፣ በዴስኮቹ መሃል እየዞረች በኪሷ በያዘችው ወረቀት ላይ ትክክል ለሆነ ሰረዝ ታደርጋለች። የመጀመሪያው ቀን "አዎ ቲቸር" ካለው 58 ልጅ የመለሰው 21 ነው። በአራተኛው ሳምንት ቁጥሩ አንዳንድ ቀን 35 ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን 24፣ እሷም እንደዛው ጻፈችው፣ "አንዳንድ ቀን ሠርቷል፣ ርዕሱ አዲስ ሲሆን አልሠራም፣ መዞሩ በየቀኑ 6 ደቂቃ ይበላል"። ከነዛ 43 ወረቀቶች ይልቅ ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመምህር ትጠቅመዋለች። ደግሞ መሃል ላይ የመምህራን ስብሰባ አንድ ሳምንት በላባት፣ ሚድ ሌላ ሳምንት፣ ሁሉንም ጻፈችው፣ እጩዎች ግን እንዲህ ያለውን ይደብቃሉ፣ ፕሮግራማቸው ላይ ስድስት ሳምንት ያለ እንከን ነው። ስትመክሯቸው ሳምንቱን በግማሽ አስቡ በሏቸው።

እሺ ማስባል

የጥናት ሥነ ምግባር ሲባል የፊርማ ቅጽ ብቻ ይመስላቸዋል። ዋናው ነገር ግን ማርክ የሚሰጥ ሰው ሲጠይቅ ልጁ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን፣ ክፍል አለቃው ወይም ከሌላ ሴክሽን የመጣ እጩ፣ እምቢ ያለው ማን እንደሆነ መምህሩ አይወቅ። ስም በኮድ ይተካ፣ የኮዱ ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የወደቀ ልጅ ደብተር ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፣ ይሄን የምለው ስለደረሰ ነው፣ ልጅቷ ጽሕፈቷን ክፍሉ ሁሉ አወቀባት፣ አንድ ሳምንት ከትምህርት ቀረች፣ እጩው ክፉ አስቦ አልነበረም፣ እኔም አስቀድሜ አልነገርኩትም ነበር። ደግሞ በአማካሪ መምህሩ (ክፍሉን በሰጠው የትምህርት ቤቱ መምህር) ክፍል ተቀምጦ ቆጥሮ "ይሄን ያህል ጊዜ ተሳስተዋል" የሚል ወረቀት ይዞ ርዕሰ መምህር ቢሮ የሚገባ እጩ አይጠፋም፣ መጀመሪያ ለመምህሩ ያሳይ፣ ሻይ እየጠጡ።

ማረም

የመጨረሻው ወረቀት ላይ ከ100 ውስጥ 30 ብቻ ነው የማደርገው። 40ው በእጅ ለተሞላው ጥሬ ወረቀት ነው፣ የተሰረዘ፣ ቡና የፈሰሰበት፣ ቀን የተጻፈበት። 30ው አምስት አምስት ደቂቃ ለብቻ ለማናገር፣ "በሁለተኛው ሳምንት እዚህ ጋ ለምን ዝቅ አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ የሠራው ሰው ወዲያው ታሪክ ይነግረኛል፣ የገዛው ሰው ጣሪያ ያያል። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ያሸነፍኩት በዚህ ነው፣ ቻት ጂፒቲ ከመጣ በኋላም አልቀየርኩትም፣ አማርኛውን ወይ እንግሊዝኛውን ያሳምርለት ችግር የለብኝም፣ 9ኛ ክፍል ገብቶ ግን ሰረዝ አያደርግለትም።

ርዝመቱ 10 ገጽ አይለፍ። ምዕራፍ ሁለት የሚባለው ተዛማጅ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ይሁን፣ በትክክል ያነበቡት ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ይግባ። አብዛኞቻቸው ሥራ ሲገቡ በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ይጠብቃቸዋል፣ እዛ ውስጥም አክሽን ሪሰርች የሚል አለ፣ ለደረጃ እድገቱም ይጠየቃሉ፣ 50 ገጽ ካስለመድናቸው ያኔ ተመልሰው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው የሚሄዱት።

ፕረዘንቴሽኑ ላይ ከቻላችሁ አማካሪ መምህራኑን ጥሯቸው፣ ትራንስፖርት ከኪሳችሁም ቢሆን። ለያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ ስላይድ ሁለት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌ "ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?" የሚል ይሁን። ያኔ የኬሚስትሪዋ ልጅ ስትጨርስ ያ 17 ጊዜ "ገባችሁ?" ያለው መምህር ከኋላ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሲወጣ ጠራትና የዴስኩን ስዕል ባዶውን ፎቶ ላንሳው አላት፣ ከሰዓት በኋላ 10ኛ ቢ ክፍለ ጊዜ ነበረው።